ካርቶኑ ላይ የነበረው ሉመን የት ገባ?

ሰላም ውድ አንባቢዎች። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች መነሻቸው ተመሳሳይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሌላ፣ እቃው ተሰክቶ ሲታይ ሌላ። የኮምፒውተርም ሆነ የቤት ውስጥ ሲኒማ እቃ ስፈትሽ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው «ይህ ቁጥር የት ላይ፣ እንዴት ሆኖ ተለካ?» ብዬ ነው። የዛሬዎቹንም ጥያቄዎች በዚሁ እንያቸው።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «9000 ሉመን» እና «1080ፒ ይደግፋል» የሚል ፕሮጀክተር ገዛሁ። ቀን ላይ ምንም አይታይም። ማታም ቢሆን ከፊልሙ ስር የሚመጣው ጽሑፍ ብዥ ይልብኛል። ተበላሽቶ ነው ወይስ አጠቃቀሙን አላወቅኩበትም? (ብርሃን ያጣሁ)

መልስ፦ እቃው አልተበላሸም፣ እርስዎም አላጠፉም። የተነገረዎት ቁጥር ግን ግድግዳው ላይ ከሚያዩት ብርሃን ጋር አይገናኝም። ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ከፍሎ እንዲህ ሲሆን በጣም ያናድደኛል።

በደንቡ የሚለካው ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ሙሉ ነጭ ምስል ይበራል። ምስሉ 9 እኩል ቦታ ይከፈልና በየክፍሉ መሃል ብርሃኑ በሉክስ ይለካል፤ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሉመን እንደሚያርፍ የሚነግር ነው። አማካዩ በምስሉ ስፋት ሲባዛ ሉመኑ ይገኛል። «አንሲ ሉመን» የሚባለው ይህ ነው። በሺዎች የሚደረደረው ባዶ «ሉመን» ግን ብዙ ጊዜ አምፖሉ ራሱ የሚያወጣው ብርሃን ነው፤ ሲብስም ማንም ያልለካው ቁጥር ነው።

ከአምፖሉ እስከ ግድግዳው ደግሞ ብዙ ብርሃን ይባክናል። ርካሽ ፕሮጀክተሮች በአብዛኛው ውስጣቸው አንድ የኤልሲዲ ፓነል ብቻ ነው ያላቸው። ብርሃኑ ፖላራይዘሩን (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ) ሲያልፍ ግማሽ ያህሉ ይቀራል። ቀጥሎ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያ አለ። እዚያ ደግሞ ከተረፈው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ገና ሌንሱ ጋ ሳይደርስ ከስድስት እጅ የተረፈው አንድ እጅ ቢሆን ነው።

ራስዎ መለካት ይችላሉ። አንድሮይድ ስልክ ካለዎት የሉክስ መለኪያ አፕ ይጫኑበት። ክፍሉን ያጨልሙና ሙሉ ነጭ ምስል ያብሩ። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስጠግተው ስክሪኑን ወደ ፕሮጀክተሩ ያዙሩት። የብርሃን ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ በላይ፣ ስንደውል ለጆሮ ከሚሆነው ስፒከር አጠገብ ነው፤ በጣትዎ እንዳይሸፍኑት። 9ኙንም ቦታ ለክተው አማካዩን ያውጡ። ምስሉ አግድም 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.125 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 2.25 ካሬ ሜትር ነው። አማካዩ 100 ሉክስ ከመጣ ያለዎት 225 ሉመን ነው። የስልክ ሴንሰር እንደ ባለሙያ መለኪያ ልቅም ያለ ውጤት አይሰጥም። 225ን ከ9000 ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ብዥታውን በተመለከተ «ይደግፋል» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። የ1080ፒ ፋይል ተቀብሎ ያጫውታል ማለት እንጂ 1920 በ1080 ፒክስል አለው ማለት አይደለም። መፈለግ ያለብዎት «ኔቲቭ» የሚለውን፣ ማለትም የፓነሉን የራሱን የፒክስል ብዛት ነው። ከስሩ በትንሽ ፊደል 1280 በ720፣ አንዳንዴም 854 በ480 ተጽፎ ያገኙታል። እኔ ለመፈተሽ የምጠቀመው ባለ 1920 በ1080 ምስል ነው፤ አንድ ፒክስል ጥቁር፣ አንድ ፒክስል ነጭ እየሆነ በመስመር የተሠራ። ፓነሉ በእርግጥ 1080ፒ ከሆነ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው መስመሮቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ካልሆነ ግራጫ ሆነው ይዋሃዳሉ፣ ወይም ሞገድ የመሰለ ነገር ይታያል። ከዚህ በፊት ግን ኪስቶኑን (የተንጋደደ ምስል ቀጥ የሚያደርገውን ሴቲንግ) ዜሮ ያድርጉትና ፕሮጀክተሩን ግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት። ዲጂታል ኪስቶን ምስሉን የሚያስተካክለው ፒክስል እየቀነሰ ስለሆነ ደህናውንም ፕሮጀክተር ያደበዝዘዋል።

አሁን በእጅዎ ላለው መፍትሔው ምስሉን ማሳነስ ነው። አግድሙን ከ3 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር ቢያወርዱት ያው ብርሃን ሩብ ስፋት ላይ ስለሚያርፍ ምስሉ 4 እጥፍ ይደምቃል። መጋረጃ ይዝጉ። ቀን ቀን ማየት የግድ ከሆነብዎት ግን ይህን እቃ ሸጠው ቲቪ ቢገዙ ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ይህ ኤችዲኤምአይ ገመድ ጫፉ ወርቅ የተለበጠ ስለሆነ ቀለሙን ያደምቀዋል» ብሎ ውዱን ሊሸጥልኝ ነበር። እውነት ነው? (የተጠራጠርኩ)

መልስ፦ አይደለም። በዚህ ገመድ የሚሄደው ዲጂታል ምልክት ነው። ገመዱ ደካማ ከሆነ ምስሉ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ወይም ስክሪኑ ለአፍታ ጥቁር ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ቀለም ማደብዘዝ የሚባል ነገር የለም፤ ማድመቅማ ከየት ይመጣል! የወርቁ ጥቅም ጫፉ እንዳይዝግ ነው።

ገመድ ሲገዙ ማየት ያለብዎት በሰከንድ ስንት ጊጋቢት እንደሚያሳልፍ ነው። ለፎር ኬ በ60 ሄርትዝ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚባለው 18 ጊጋቢት በቂ ነው። በ120 ሄርትዝ ጌም ለሚጫወት ሰው «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚባለው 48 ጊጋቢት ያስፈልገዋል። ማሸጊያው ላይ በስልክ ስካን የሚደረግ የማረጋገጫ ምልክት መኖሩን ይዩ። ከጥቂት ሜትር በላይ የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ ምልክቱን በብርሃን የሚያስተላልፈውን ኦፕቲካል ኤችዲኤምአይ ይውሰዱ። እሱ አቅጣጫ ስላለው በአንዱ ጫፍ የቲቪ፣ በሌላው የማጫወቻው ምልክት አለበት። ግድግዳ ውስጥ ከመቅበርዎ በፊት ሰክተው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ አዲስ ሳውንድባር ቲቪው ላይ በኦፕቲካል ገመድ አገናኘሁ። ሙዚቃው ጥሩ ነው። ፊልም ላይ ግን ንግግር አይሰማም፣ ፍንዳታ ሲመጣ ቤቱ ይናወጣል። እናቴ ሪሞቱን ከእጇ አትለይም። በዚያ ላይ አፍና ድምፅ አይገጥሙም። (የእናቷ ልጅ)

መልስ፦ የእናትሽ ችግር የብዙ ቤት ችግር ነው፤ በደንብ ልመልስልሽ።

በ5.1 የድምፅ ቅንብር (አምስት ቻናልና አንድ የጎርናና ድምፅ ቻናል) ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሃለኛው ቻናል ነው። ሳውንድባርሽ የመሃል ስፒከር ካለው ንግግሩን ለብቻው ማውጣት ይችላል። ቲቪው ድምፁን «ፒሲኤም» አድርጎ በኦፕቲካል ከላከው ግን የሚደርሰው ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ንግግሩ ከፍንዳታው ጋር ተደባልቋል። ስለዚህ ቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ቢትስትሪም» ወይም «ዶልቢ ዲጂታል» አድርጊው። ከተቻለም ኦፕቲካሉን ተይና ሁለቱም እቃዎች ላይ «ኤአርሲ» የተጻፈበትን፣ ድምፅን ከቲቪው ወደ ሳውንድባሩ የሚልከውን ኤችዲኤምአይ ተጠቀሚ። ኦፕቲካል የማይችለውን ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ኤአርሲ ያሳልፋል። ድምፁንም በቲቪው ሪሞት መቆጣጠር ትችያለሽ።

ቀጥሎ የሌሊት ሞድ የሚባለውን አብሪ። ስሙ ሌሊት ቢሆንም ለቀንም ይሠራል። ከፍተኛውን ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅተኛውን ከፍ ያደርጋል። ፊልም ሲቀናበር ጸጥ ያለ ሲኒማ ቤት ታስቦ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ ልዩነቱ ከልክ በላይ ይሰፋል። የንግግር ማጉያ ቁልፍ ካለውም ጨምሪበት። ሳውንድባሩ መደርደሪያ ውስጥ ተወሽቆ ከሆነ ወደ ጠርዙ ሳቢው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይታፈናል።

ስለ አፍና ድምፅ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚቀድም ለዪ። ሰው እያጨበጨበ የሚያሳይ ቪዲዮ ክፈቺ። ድምፁ ከቀደመ ነገሩ ቀላል ነው። ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ጊዜ እየወሰደ ነውና ሳውንድባሩ ላይ «ኦዲዮ ዲሌይ» የሚለውን እስኪገጥም ቀስ በቀስ ጨምሪ። ድምፁ ወደ ኋላ ከቀረ ግን ዲሌይ አያድንሽም፤ መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልምና። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው በብሉቱዝ ስታገናኚ ነው፤ መፍትሔው ገመድ ነው። የሰው ጆሮ ለሁለቱ እኩል እንዳይመስልሽ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ እንደሚለው ድምፅ ምስሉን በ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም ሰው ያስተውለዋል፤ ወደ ኋላ ሲቀር ግን እስከ 125 ድረስ ላያስተውለው ይችላል። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ሁሌም ከምናየው ዘግይቶ ስለሚደርሰን ጆሯችን መዘግየትን ለምዶታል፤ መቅደምን አያውቅም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ንግግሩ አሁንም ካልተሰማት ሳውንድባሩ የመሃል ስፒከር የለው ይሆናል። ከመለወጥሽ በፊት ካርቶኑ ላይ 2.1 ወይም 3.1 የሚለውን እዪ። የመጀመሪያው ቁጥር 3 ከሆነ መሃለኛ አለው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ በሰከንድ 7000 ሜጋባይት የሚል ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ገጠምኩ። ትልቅ ፋይል ኮፒ ሳደርግ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ወደ 150 ይወርዳል። ተሸወድኩ?

መልስ፦ አልተሸወድክም፤ የነገሩህ ግማሹን ነው። 7000 የሚባለው ፋይል ከኤስኤስዲው ሲነበብ፣ በአራተኛ ትውልድ ማስገቢያ፣ ለአጭር ጊዜ የሚደረስበት ጫፍ ነው። የላፕቶፕህ ማስገቢያ ሦስተኛ ትውልድ ከሆነ ጣሪያህ 3500 አካባቢ ነው። የሚያወርደው ግን ሌላ ነገር ነው። ኤስኤስዲው ከማስቀመጫው የተወሰነውን ክፍል እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀምበታል። እሱ ሲሞላ የሚጻፈው ፋይል በቀጥታ ወደ ዝግተኛው ክፍል ይሄዳል። በአንድ ሴል አራት ቢት በሚያጭቁት፣ «ኪውኤልሲ» በሚባሉት ላይ ውድቀቱ የከፋ ነው። ዲስኩ በሞላ ቁጥር መቀበያውም ያንሳል፤ ስለዚህ እኔ ኤስኤስዲ ስፈትሽ መጀመሪያ አብዛኛውን ሞልቼ ነው። ለትምህርትህና ለዕለት ሥራህ ግን አትጨነቅ። ዊንዶውስ ሲነሳና ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበበው ብዙ ትንንሽ ፋይል ስለሆነ ይህ ውድቀት አይነካህም። ሙቀቱን ብቻ ተከታተል፤ ሲግል ራሱን ያዘገያል።

ጥያቄ፦ 1 ቴራባይት ዲስክ ገዝቼ 931 ጊጋባይት ይላል። 2 ቴራባይት የሚል ርካሽ ፍላሽም አይቻለሁ፣ ልግዛ? (ቆጣቢው)

መልስ፦ 931 ትክክል ነው። አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው፤ የጠፋ ነገር የለም። ፍላሹን ግን ይጠርጥሩ። ውስጡ ትንሽ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራባይት ነኝ እንዲል የተደረገ ብዙ አለ። ልኩ ሲያልፍ አዲሱ ፋይል አሮጌውን እየደመሰሰ ይጻፋል፤ ስም ዝርዝሩ ግን ሁሉም ያለ ይመስላል። ከገዙ «ኤፍ3» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጢም ብሎ እስኪሞላ ጽፈው መልሰው ያስነብቡት። ብዙ ሰዓታት፣ ፍላሹ ዝግተኛ ከሆነም ቀናት ይፈጃል፤ ትተውት ይተኙ። ሲጨርስ የተበላሸ ፋይል ካሳየዎት የልጆችዎን ፎቶ ሳይጭኑበት ለሻጩ ይመልሱት።