ውሃ ይቅደም

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ መጣች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ለዓይን ሕክምና ረዳትነት የብቃት ምዘና ፈተና እየተዘጋጀች ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወር የጥያቄ ሺት ስልኳ ላይ ይዛ «እትዬ፣ መልሶቹን ብቻ ይዩልኝ» አለችኝ።

ሦስተኛው ጥያቄ «ታካሚ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ምን ይደረግለታል?» ይላል። እሷ «እይታው ይለካል» የሚለውን መርጣለች። ልክ ናት።

«ሁልጊዜ?» አልኳት።

«ሁልጊዜ» አለችኝ ሳታመነታ።

ስልኩን መለስኩላትና ቡና ላፈላ ተነሣሁ። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበር የምመልሰው። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለምትፈተኑ ልጆች ሁሉ ነው።

ያኔ ከቃሊቲ ወዲያ ባለ አንድ ክሊኒክ ነበር የምሠራው። ዛሬ ፎቅ የሞላበት ሜዳ ገና የጤፍ ማሳ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ መጋዘን ይሠራል። ፈተናዬን በጥሩ ውጤት ካለፍኩ ሦስተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሁለት የቀን ሠራተኞች ገቡ። አንደኛው ሌላውን ክንዱን ይዞ ይመራዋል። የተመሪው ፊት ግማሹ ነጭ ሆኗል። በርሜል ውስጥ ኖራ ሲበጠብጥ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑ ገብቶበታል።

«ውሃ፣ ሲስተር፣ ውሃ» ይላል።

የጠማው መሰለኝ። «ቆይ፣ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ካርድ አወጣሁ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን ጻፍኩ። ከእይታ መለኪያው ሰሌዳ 6 ሜትር ርቆ ወለሉ ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር ነበረን፤ እዚያ አቆምኩት። መጀመሪያ ቀኝ፣ ቀጥሎ ግራ ተብዬ ተምሬያለሁና ግራ ዓይኑን ሸፈንኩና የሰሌዳው የእንግሊዝኛ ፊደል «ኢ» እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ በጣቱ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ቀኙን መግለጥ አልቻለም። በጣቴ ከፈትኩለት። ጮኸ። ጣት ቁጠር አልኩት፤ ሁለት ሆኖ ሳለ ሦስት አለ። ግራውን ለካሁ፣ 6/6 ነው፣ ማለትም ጤነኛ እይታ፣ እሱንም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ መዘገብኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው ውሃ ማለቱን አላቋረጠም። የቧንቧ ውሃ ስለሚጠፋብን የምንሞላው ሰማያዊ ጀሪካን እኮ ከኋላዬ ነበር።

በዕድሜ የገፉ አንድ ጤና መኮንን በበሩ ሲያልፉ አዩን። አልተቆጡኝም። ጀሪካኑን አነሡ፣ ሰውዬውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኙና ዓይኑን ከፍተው ያፈሱለት ጀመር። የዓይኑን ቆብ ገልብጠው ከሥሩ የኖራ ፍርፋሪ በጥጥ አወጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ አጠቡት። እኔ ካርዱን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁ።

ኖራ አልካላይ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ። አሲድ አብዛኛውን ጊዜ የነካውን ሥጋ አርግቶ ላይ ላዩን ይቀራል። አልካላይ ግን የሕዋሱን ስብ እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ፍርፋሪው ከቆብ ሥር እስካለ ድረስም ማቃጠሉን አይተውም። ይህንን ተምሬው ነበር። ፈተናው ላይም መጥቶልኝ ሳልሳሳት መልሼዋለሁ። ግን ያ ትምህርት አንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ የእይታ መለካቱ ሕግ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነበርና እኔ ጭንቅላት ውስጥ አልተገናኙም።

ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ አገኘሁት። ቀኝ ዓይኑ ነጭ ሆኗል፤ ኮርኒያው፣ ያ እንደ መስታወት የሚያሳየው የዓይን ፊት፣ ወተት መስሏል። የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ እንደተቀጠረ ነገረኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፣ ያን ቀን ደክመሽልኛል» አለኝ። አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም የሚቆጨኝ ከጥፋቱ እኩል ያ ዝምታዬ ነው።

ስለ ጥናት ፕሮግራምና ስለ እንቅልፍ ሌላ ሰው ይንገራችሁ። የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፤ እኛ ወር የፈጀብንን በሳምንት ትጨርሳላችሁ። ግን መልሱን ይዛችሁ «ለምን?» የሚለውን ትጥላላችሁ፣ ይሄ አይዋጥልኝም። እይታ ለምን ይቀድማል? ጠብታውም መብራቱም ልኬቱን ስለሚያዛቡ፣ ደግሞም ታካሚው ይዞት የመጣው እይታ እጃችን ሳይነካው መመዝገብ ስላለበት ነው። መሸፈኛ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ሲያይ ከተሻለው ችግሩ የመነጽር ሊሆን ይችላል። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከማድረጋችን በፊት የዓይኑን ፊተኛ ክፍል፣ ማለትም ከኮርኒያው ኋላ ያለውን ክፍተት፣ ጥልቀት የምናየው፣ ጠባብ ከሆነ የዓይኑ ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ስለሚችል ነው። ምክንያቱን የያዘ ሰው ሕጉ የማይሠራበትን ቦታም ያውቃል።

ሽምደዳ አልወድም፤ ቁጥሮቹን ግን ሸምድዱ። ጤነኛ የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፣ በተሻለው ዓይን ከ3/60 በታች፣ ማለትም ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚያየውን ከ3 ሜትር እንኳ አለማየት፣ ዓይነ ስውርነት ነው። እነዚህ ከእንቅልፍ ተቀስቅሳችሁም ቢሆን ከአፋችሁ መውጣት አለባቸው።

አያቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን የዓይን ፀጉሯን በወረንጦ የምነቅልላት እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነው። ትራኮማ እንደሚባል ያወቅኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያሳይ፣ ግማሽ የሚሆነው በዓይን ሞራ፣ ቀጥሎ ደግሞ በትራኮማ ጠባሳ ነበር። እኔ ቁጥሩን ሳነብ የታየችኝ አያቴ ናት።

ልጅቷ ቡናዋን ጠጥታ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና «እትዬ፣ ውሃው ንጹሕ ባይሆንስ?» አለችኝ። ደስ አለኝ። የተገኘው የቧንቧም ሆነ የጀሪካን ውሃ ይፈስሳል፣ የሕክምና ጨው ውሃ እስኪመጣ አይጠበቅም አልኳት። ቅዳሜ ከሰዓት ተመልሳ ትመጣለች። ቆብ መገልበጥ ገና በእጇ አልገባም፣ በእኔ ዓይን ትለማመዳለች።