ፈረንጅ ተከራይ ሲገባ፦ ሮቶው፣ ሐይቁና ኬኩ

በዚህ እትም አራት ጥያቄዎችን መርጠናል። ሁሉም ከባሕር ዳር የተላኩ ናቸው፤ ሁሉም ለአገሩ አዲስ ከሆኑ የሚሲዮን ቤተሰቦች ኑሮ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤቴን ሦስት ልጆች ላሏቸው አሜሪካውያን ባልና ሚስት ላከራይ ነው። ውሃ ስለሚጠፋ ሮቶ አስገቢልን ብለዋል። ስንት ሊትር ይበቃል? ይዘው ለሚመጡት የኤሌክትሪክ ዕቃስ ምን ላዘጋጅ?
*አከራይ*

መልስ፦ አምስት ሰው በቁጠባ በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀም በቀን 250 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ባለ 1,000 ሊትሩ ሮቶ አራት ቀን ያቆያቸዋል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላቸው ግን ያንን ያህል አይቆይም። በሰፈርዎ ውሃ ከዚያ በላይ የሚጠፋ ከሆነ ባለ 2,000ውን ይግዙ። ሰው የሚሳሳተው ሮቶው ላይ ሳይሆን ማማው ላይ ነው። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። የማማው እግር በኮንክሪት ካልተያዘ ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲርስ ያዘነብላል። ከሻወሩ አናትም ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ይበል፤ አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነውና ዝቅ ካለ ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ክዳኑ በደንብ ይገጠም። ብርሃን ከገባበት አልጌ ያበቅላል፣ ክፍት ከሆነ ደግሞ ትንኝ ይራባበታል።

ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ እንዳለ አይጠጣ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተሕዋስያንን ለመግደል ይህ በቂ ነው፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ። መብራት ጠፍቶ ማፍላት ካልተቻለ ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በሲሪንጅ ተለክቶ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ሽቶ የተጨመረበት በረኪና ለዚህ አይሆንም። ውሃው ከደፈረሰ ቀድሞ ይዝቀጥና በነጠላ ይጣራ፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ሶኬት መቀየሪያ የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ቻርጀሩ ላይ «100–240» ከተጻፈ ያለ ስጋት ይሰካ። ካውያና ፀጉር ማድረቂያ ግን እዚያው ትተው ቢመጡ ይሻላል፤ እነዚህን የሚችል ትራንስፎርመር ከዕቃዎቹ ይወደዳል። እርስዎ የሚያዘጋጁት ለእንጀራ ምጣዱ የራሱን መስመር ነው። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በኤክስቴንሽን ከሰኩት ገመዱ ይቀልጣል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን መንቀልና ከተመለሰ አምስት ደቂቃ ቆይቶ መሰካትንም ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ የምጠብቃቸው ልጆች ጣና ካልዋኘን እያሉ ያስቸግሩኛል። የሰፈሩ ልጆች ሲዋኙ እያዩ ክልከላው አይገባቸውም። እውነት አደጋ አለው?
*ሞግዚት*

መልስ፦ አለው። ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ነው። ትሉ የሚያድገው ፊላና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ልጆች በሚዋኙበት በእኩለ ቀን አካባቢ መሆኑ ነው ክፋቱ። የሰፈሩ ልጆችም ይያዛሉ፤ በሽታው ቀስ ብሎ ስለሚጎዳ ጤነኛ ይመስላሉ። በፎጣ ማሸት ያድናቸዋል ብለሽ አትተማመኚ። የሐይቅ ውሃ ለገላ የግድ ካስፈለገ ይፍላ፣ ወይም ተቀድቶ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ ትሉ እስከዚያ ይሞታል። በጀልባ መሄድ አይከለከልም፤ የሚያጋልጠው ለመሳፈር ውሃ ውስጥ መግባት ነውና ከደረቅ መሳፈሪያ ላይ ይሳፈሩ።

ቀድሞውኑ ገብተው ከሆነ ለወላጆቻቸው ንገሪያቸው፤ መደበቅ አይጠቅምም። የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን በሚገባ አይገድልም፤ በማግስቱ ሮጦ መዋጥ ብዙ የማይረዳው ለዚህ ነው። ከመጨረሻው ቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው ሐኪም ይመርምራቸው፣ መጠኑንም በክብደታቸው እሱ ይወስን። ቀደም ብሎ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ሽፍታ ከታየ ግን ሳይጠብቁ ወዲያው ይሂዱ። ትኩሳት በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባም ሊሆን ስለሚችል ደም ሳይታይ አይታደር።

ጥያቄ፦ እመቤቴ ከአገሯ ባመጣችው መጽሐፍ የምጋግረው ኬክ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ምድጃው ነው?
*ወጥ ቤት*

መልስ፦ ከፍታው ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡ ሳይበስል ቶሎ ይነፋል፣ ከዚያ ይወድቃል። አንድ ሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የሚለውን ሦስት ሩብ አድርጊው። በየኩባያው ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሺ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ውሃ ጨምሪ፣ ምድጃውን በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጊ። ባቄላና ሽምብራ የሚዘገዩብሽም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በፕሬዠር ኩከር ቀቅዪ።

ጥያቄ፦ አማርኛ የማስተምራቸው ሚሲዮናውያን ባለፈው ዓርብ ዶሮ ጠብሰው ጎረቤት ጠሩ። ማንም አልበላላቸውም፤ በሃይማኖታችን ምክንያት ጠሉን ብለው አዝነዋል። ምን ልበላቸው?
*መምህር*

መልስ፦ ዓርብ መሆኑን ይንገሯቸው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ በግድግዳ ካላንደራቸው ላይ ይቀለሙላቸው። ቅቤ የነካው ድስትና ማንኪያም ለጾም ወጥ አይሆንም። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት አብረው ሲጠሩ የሥጋው ባራኪ ማን ነው የሚለው ስለሚመጣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በዘይት ይሠሩ። ዓሣ በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ቀድመው ይጠይቁ።

«ሚሲዮን» ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ሽማግሌም አይጠፋም። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጎርጎራ ላይ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ካህናት የሠሩት ግንብ ፍርስራሽ አሁንም አለ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 (እ.ኤ.አ.) ካቶሊክነትን በይፋ ተቀብለው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀዋል። ይህ ታሪክ ሐይቁ ዳር ገና አልተረሳም። ለሚቀጥለው ግብዣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ሰዓት ይምረጡ፤ «በሰባት ሰዓት» ሲባሉም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት መሆኑን ያስታውሷቸው።