በእጅ የተሠራ የቆዳ ዕቃ ዋጋው ለምን ይወደዳል? ጥያቄና መልስ (መላሹ ቦርሳ በእጁ የሚሰፋ ባለሙያ፣ ጠያቂዎቹ የቡድኑ አባላት)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከብቱና በጉ በሞላበት አገር የቆዳ ቦርሳ እንዴት እንዲህ ይወደዳል?

መልስ፦ በጉ ስላለ ጥሩ ሌጦ አለ ማለት አይደለም። የደጋ በጋችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። የውጭ ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ግን በዓል ሲመጣ በጉ ጓሮ ይታረዳል። ገፋፊው ይቸኩላል፣ ቢላው ይስታል፣ ሌጦው ይበሳል። ጨው ሳይነካው ከዋለ ደግሞ ይበላሻል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እከክ ነው። በጉ በሕይወት እያለ ቅማልና መሰል ተባይ ቆዳውን ይጎዳዋል። ጠጉሩ እስኪወርድ ግን አይታይም። ፋብሪካ ገብቶ ሲለፋ ነው ነጠብጣቡ የሚወጣው። እኔ የምገዛው በስኩዌር ፊት ነው። ለቀዳዳውም ለነጠብጣቡም እከፍላለሁ፣ ከዚያ ቆርጬ እጥለዋለሁ። እባካችሁ፣ በግ ስታርዱ ሌጦውን በቢላ ሳይሆን በቡጢ ግፈፉ!

ጥያቄ፦ ጥሬው ወደ ውጭ ስለሚሸጥ ይሆን?

መልስ፦ በ2000 ዓ.ም. እኮ ጥሬ ቆዳና ሌጦ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጣለ። እዚሁ እንዲለፋ ነው። የቀረውን ነጋዴ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በክብሪት ልሞክር?

መልስ፦ በፍጹም! ዕቃህን ታበላሻለህ። የተቆረጠውን ጠርዝ እይ። ከላይ ፕላስቲክ፣ ከሥር ጨርቅ ከሆነ ቆዳ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእጅ ስፌት ለምን ያስከፍላል?

መልስ፦ በሰም የታሸ አንድ ክር፣ በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ። ቀዳዳው በወስፌ ይበሳል፣ ሁለቱም መርፌዎች ከግራና ከቀኝ ያልፉበታል። አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። በማሽን አምስት ደቂቃ የሚፈጀው እኔን ግማሽ ቀን ይወስድብኛል።

አንድ አባል፦ የኔ ቦርሳ በማሽን የተሰፋ ነው፤ 8 ዓመቱ፣ ምንም አልሆነም።

ሌላ አባል፦ የአያቴ አገልግል በጠፍር የተሰፋ ነው፤ እናቴ ዛሬም ምሳ ትቋጥርበታለች።

የመጀመሪያው አባል፦ አገልግልና ቦርሳ ምን አገናኘው?

መልስ፦ ጥሩ የማሽን ስፌትም አለ፣ አልካድኩም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ዋጋ ስንት ነው?

መልስ፦ የምን? ልኩን፣ የቆዳውን ዓይነትና የኪሱን ብዛት ሳትጽፉ ዋጋ አትጠይቁ ብዬ ነበር።

ጥያቄ፦ በጀቴ ትንሽ ነው፤ ምን ላስቀንስ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ገበሩን ተዪው፣ ኪስ ቀንሺ፣ በዚፕ ፋንታ ዘለበት ይሁን። ስፌቱንና ቆዳውን አትንኪ።

ጥያቄ፦ ክብሪት ብንለኩስበትስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ፣ እሳት አታስጠጉ።