ጂኦግራፊ ለደረሳችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ «ጂኦግራፊ ደረሰኝ» ብላችሁ ላዘናችሁት ነው። «ደረሰኝ» የምትለዋን ቃል በየዓመቱ ስሰማ ሆዴን ይበላኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ወደው መርጠውት አልመጡማ።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን የራስ ደጀን ከፍታ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። በአንድ ድምፅ «4,620 ሜትር!» አሉኝ። እሱም የድሮ ቁጥር ነው፤ በኋላ ሲለካ ወደ 4,550 ወርዷል። ከዚያ ባለ 1:50,000 ካርታ (1 ሳንቲሜትሩ መሬት ላይ 500 ሜትር የሆነ) ዘረጋሁና ግቢያችንን አሳዩኝ አልኩ። ማንም አልተነፈሰም። በእነሱ አልፈርድም፤ ፊልድ ወጥተው የማያውቁ ልጆች ኮንቱር መስመርን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን የካርታ መስመር፣ ከዳገት ጋር ከየት ያገናኙት? ለአውቶቡስ፣ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበል በጀት የለም ይባላል፣ በጀት ሲገኝ ደግሞ መንገዱ ሰላም አይሆንም፣ በዚህ መሀል ሴሚስተሩ ያልቅና ትምህርቱ ሀንድአውት ሆኖ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ግቢው እስኪያወጣችሁ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ካርታ ይዛችሁ እንጦጦ ውጡ። ጫፉ ላይ ቁሙ። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በከተማው ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ አፋር ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፣ ባሕር አያይም። ከጀርባችሁ በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ በሙገር ዓባይን ተቀላቅሎ መንገዱ እስከ ሜዲትራኒያን ነው። በራሴ ወጪ ጥቂት ተማሪዎች ይዤ የወጣሁ ቀን አንዷ ልጅ ግራ ቀኙን አየችና «ጋሼ፣ ታዲያ የኛ ቤት ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ እሱ ነበር።

የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌሩም አያስፈራችሁ። አርክጂአይኤስ ውድ ነው፣ ኪውጂአይኤስ ግን በነፃ ይወርዳል። የሴንቲኔል 2 የሳተላይት ምስልም ነፃ ነው፤ በጥሩዎቹ ባንዶች (ሳተላይቱ ለየብቻ በሚቀርጻቸው የብርሃን ዓይነቶች) አንዷ የምስሉ ነጥብ 10 በ10 ሜትር መሬት ታሳያለች። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ በአንዱ ሥሩ።

በሰፈራችሁ ወንዝ ጀምሩ። በነሐሴ ሙላቱ የት ድረስ እንደወጣ ድንጋዩ ላይ ምልክት አድርጉ፣ በዳር የሚኖሩትን ትልልቅ ሰዎች ድሮ የት ይደርስ እንደነበር ጠይቁ፣ ከዚያ ካርታው ላይ አስፍሩትና ለመምህራችሁ ውሰዱለት።