መልስ፦ መብራት ሲጠፋ ውኃው ለምን አብሮ ይጠፋል?

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲሄድ ውኃው ለምን እንደሚከተለው ጠይቀሃል። ነገሩ ያለው የከተማዋ አቀማመጥ ላይ ነው። ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል የተዘረጋች ናት። ለከተማዋ ውኃ የሚሰጡት የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ከፍታ ላይ ስላሉ ውኃቸው ብዙውን መንገድ በራሱ ይወርዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ግን ታች ናቸው። ውኃው ከመሬት ሥር ይሳባል፣ ከዚያ ሽቅብ ይገፋል። ፓምፑ ደግሞ ያለ መብራት ብረት ነው!

መብራት ሲመለስም ውኃው ወዲያው አይመጣም፤ መጀመሪያ ማጠራቀሚያው መሙላት አለበት። ባዶ የቆየ ቧንቧ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። እኔ ብሆን ከአዲስ ጉድጓድ በፊት ለፓምፕ ጣቢያዎቹ ጄኔሬተር፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ሰፊ ማጠራቀሚያ አስቀድም ነበር። ሮቶ የሰቀለ ጎረቤትህ በግቢው ያደረገው ይህንኑ ነው።