የጠፉት ጄፔጎችና የማይከፈቱት ሲአር3 ፋይሎች

ወንድሜ፣ ጥያቄህን መጀመሪያ እንደገባኝ ላስቀምጠው። ባሕር ዳር፣ ቤዛዊት ላይ ሠርግ አነሳህ፤ ካሜራው ሮውና (ያልተነካውን ጥሬ ፋይል) ጄፔግ (የተለመደውን የተጨመቀ ፎቶ) አንድ ላይ እንዲይዝ አድርገህ። ፎቶውን ላፕቶፕህ ላይ ወዳለው ላይትሩም ክላሲክ፣ ማለትም የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ስታስገባ ቁጥሩ ግማሽ ሆነብህ። በተዋስከው ካሜራ ያነሳሃቸውን ሲአር3 (የካነን ሮው) ፋይሎች ደግሞ የስቱዲዮው አሮጌ ላይትሩም 6 አልከፍትም ሲልህ፣ የስማቸውን ጭራ (ኤክስቴንሽኑን) ጄፒጂ ብለህ ቀየርክ። ይኸው አሁን የትም አይከፈቱም። "ተበላሹ ወይ?" ነው ያልከው።

አልተበላሹም፣ እፎይ በል። ኤክስቴንሽን ፋይሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ለፕሮግራሙ የሚጠቁም ምልክት ነው። የጤፍ ጆንያ ላይ "ስንዴ" ብለህ ብትጽፍ ውስጡ ያው ጤፍ ነው። ስሙን ወደ ሲአር3 መልሰው። ከዚያ በፊት ግን ዊንዶውስ ኤክስቴንሽን ስለሚደብቅ ፎልደሩን ከፍተህ ቪው፣ ከዚያ ሾው ውስጥ ገብተህ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን አብራ። አለዚያ በስሙ ላይ ስም ትደርብበትና ሁለት ጭራ ያለው ፋይል ይሆንብሃል።

ላይትሩም 6 ለምን እምቢ አለ? ሲአር3 የመጣው በ2018 ከካነን ኤም50 ጋር ነው። ላይትሩም 6 ደግሞ የመጨረሻ ማሻሻያውን ያገኘው በ2017 ነው። ስለዚህ ምንም ብትለምነው አያውቀውም። የአዶቤን ዲኤንጂ ኮንቨርተር አውርድ፤ ነፃ ነው። ሲአር3ውን ወደ ዲኤንጂ፣ ማለትም ወደ አዶቤ የራሱ የሮው ዓይነት፣ ይቀይርልሃል፣ አሮጌው ላይትሩምም ይከፍተዋል። ዋናዎቹን ግን እንዳትደመስስ።

ጄፔጎቹም አልጠፉም። ላይትሩም ክላሲክ ሮውና ጄፔግ አንድ ስም ይዘው ጎን ለጎን ካገኘ እንደ አንድ ፎቶ ይቆጥራቸዋል። ስሙ ሥር "ሲአር3 ፕላስ ጄፔግ" የሚል ካየህ ያው እሱ ነው። ለየብቻ ማየት ከፈለግህ ፕሪፈረንስ ውስጥ፣ ጀነራል ላይ፣ ጄፔጎችን እንደ ተለየ ፎቶ ቁጠር የሚለውን ምልክት አድርግ። ከዚያ ፎልደሩን ሲንክሮናይዝ በለው። እኔ ግን ባትነካው እላለሁ። አንድ ዓይነት ፎቶ ሁለት ሁለት ጊዜ እያዩ መምረጥ ያሰለቻል። ጄፔጉ የሚጠቅመው ሙሽሮቹ በዚያው ምሽት ቴሌግራም ላይ የሚለቁት ነገር ሲፈልጉ ነው። ለአልበሙ ሮው ይሻላል። በተለይ ጣና ዳር በቀትር ያነሳኸው! ነጭ ቀሚስና የሚያንጸባርቅ ውሃ አንድ ላይ ሲመጡ ጄፔግ ቶሎ እጁን ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 አለው። የጥልፉ ዝርዝር የሚተርፈው እዚያ ውስጥ ነው።

ቦታ ለማስለቀቅ ስትል ከፎልደሩ ውስጥ ፋይል በእጅህ አትልቀም። መደምሰስም፣ ማዛወርም፣ ስም መቀየርም ላይትሩም ውስጥ ሆነህ አድርገው፤ አለዚያ ፎቶው የት እንደሄደ አያውቅም። ኤክስኤምፒ የሚሉ ትንንሽ ፋይሎች ካየህም አትንካቸው። የሠራኸው ኤዲት የተጻፈው እነሱ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስም ካነሳን አይቀር፣ የካሜራው ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ሁለት ካሜራ ከያዝክማ አንድ ዓይነት ስም መገናኘቱ አይቀርም። ስታስገባ ቀኑንና የቦታውን ስም ከፊት ጨምርበት። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ደንበኛ ግን ደውሎ "ጥር 11 ያነሳኸን" ነው የሚልህ። ለዚህ እኔ ፎልደሩ ላይ የእኛንም ቀን እጽፋለሁ። ፍለጋው በጣም ይቀላል።

ስሙን መልሰህም አልከፈት የሚል ካለ አንዱን በቴሌግራም ላክልኝና ልየው። እንደ ፋይል አድርገህ ላከው እንጂ እንደ ፎቶ አይደለም፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።