ጢንዚዛ ለይቶ መኖር ይቻላል?

እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ ሆነሽ ባዮሎጂ እንደምትማሪ፣ ስትመረቂም የድሮ የሙዚየም ስብስቦችን መርምረሽ አዳዲስ የነፍሳት ዝርያዎችን መለየት እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። አባትሽ ደግሞ «ጢንዚዛ ቆጥሮ የበላ ማን አለ?» ብለውሻል። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም።

«ዝርያ ለዪ» በሚል ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ አትጠብቂ። እንጀራው ያለው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በዕፅዋት ኳራንቲን (ተባይ ከዕፅዋት ጋር እንዳይገባ በሚደረግ ቁጥጥር) እና በግብርና ምርምር ነው፤ ተባዩ በትክክል ካልታወቀ መከላከያውም አይታወቅምና። ለአባትሽ ስለ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ንገሪያቸው፤ ስለ ተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን ቆይተሽ ታወሪያቸዋለሽ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በነፍሳት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ እሱን ያዢ።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1832 አርጀንቲና ውስጥ የያዘው አንድ ጢንዚዛ ስም ያገኘው በ2014 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አንድ አዲስ ዝርያ ከተሰበሰበ በኋላ እስኪሰየም በአማካይ 21 ዓመት መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ሥራ አለ ማለት ነው፤ ሠሪው ነው የጠፋው።

አንቺ ከሌላው የምትበልጪበት ነገር ደግሞ አለ። በመርፌ ከተሰካው ናሙና ሥር ቦታውን፣ ቀኑንና ሰብሳቢውን የያዘች ትንሽ ወረቀት አለች። እንግዳ ሰው የሰማውን የጎጃም አገር ስም በራሱ ፊደል ሲጽፈው ባለአገሩም አያውቀው! ያንን ፈትቶ «ይህ ጮቄ ላይ ነው፣ ያኛው ዓባይ በረሃ ነው» ለማለት አገሩን በእግር የሚያውቅ ያስፈልጋል። የውርጭ አገር ጢንዚዛዎች ብዙዎቹ አይበሩም፤ የአንዱ ተራራ ዝርያ ከሌላው ተራራ ሊለይ ይችላል። ቦታው ከተሳሳተ የዝርያው ድምዳሜም ይበላሻል።

የቀረው ትዕግሥት ነው። ዝርያውን ለመለየት የወንዱ ጢንዚዛ የመራቢያ አካል ተለስልሶ ይወጣል፣ በማይክሮስኮፕ ይሳላል፣ ለዝርያው ስም መነሻ ከሆነው ናሙና ጋር ይነጻጸራል። ቀድሞ የተጻፈውን ሁሉ ሳታነብቢ «አዲስ ነው» አትበዪ፤ የእንስሳት ስያሜ ሕግ የሚያጸናው የቀደመውን ስም ነው።

ሁሉንም ነፍሳት ልወቅ አትበዪ፤ አንድ ወገን ምረጪ። በትምህርት ክፍልሽ አቧራ የጠጣ የነፍሳት ሣጥን ካለ ላስተካክለው ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ አራት ኪሎ ወደሚገኘው የእንስሳት ሙዚየም ሂጂ። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ካሰብሽ ግን አስቀድመሽ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አውጪ።